ከሸርተቴው በፊት መሬቱ

አንድ ልጅ ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ይህን ፍጥነት የሚወስኑት ከፍታውና የመሬት ስበት ናቸው፤ የልጁ ክብደትም ሆነ የመጫወቻው ዋጋ አይለውጠውም። ልጁ አቧራውን አራግፎ ወደ ጨዋታው ይመለስ ወይስ ሐኪም ቤት ይወሰድ የሚለውን ግን በአብዛኛው የሚወስነው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ልጆች በመጫወቻ ሥፍራ በደረሰባቸው ጉዳት ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ፤ ከምክንያቶቹም ቀዳሚው መውደቅ ነው።

ያረጀ የሰፈር መጫወቻ ይታደስ ሲባል ግን የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ቀለሙ በለቀቀው ሸርተቴና ሰንሰለቱ በዛገው ዥዋዥዌ ላይ ነው። ገንዘቡም የሚሄደው ዓይን ወደሄደበት ነው። መሬቱን የሚያስታውሰው ከተገኘም የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ነው።

ስሌቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የወደቀው ነገር በአማካይ የሚደርስበት የመቆሚያ ጫና የወደቀበት ከፍታ ለመቆም ላገኘው ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ከሁለት ሜትር የወደቀ ጭንቅላት ደረቅ ኮንክሪት ላይ አርፎ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቆማል ብለን እናስብ፤ ጫናው ከመሬት ስበት 400 እጥፍ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ልል ነገር አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሰጠው ግን ወደ 40 እጥፍ ይወርዳል። ይህ አማካይ ነው፤ በቅጽበት የሚደርሰው ከፍተኛ ጫና ከዚህ ይበልጣል። መሐንዲሶች መሬቱን ሲፈትኑ በውስጡ መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ከተለያየ ከፍታ ይጥላሉ። ጫናው ከመሬት ስበት 200 እጥፍ ካለፈ፣ ወይም የጭንቅላት ጉዳት መመዘኛ የሚባለው ቁጥር ከ1000 ከበለጠ መሬቱ ወድቋል ማለት ነው። እነዚህን ወሰኖች ሳያልፍ የሚችለው ትልቁ ከፍታ የዚያ መሬት አቅም ነው። የመጫወቻውም ከፍታ ከዚህ አቅም መብለጥ የለበትም፤ ቅደም ተከተሉ ከመሬት ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ መሬት አይደለም።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ለሕዝብ መጫወቻ ሥፍራዎች ያዘጋጀው መመሪያ ጠቃሚ ቁጥሮች አሉት። 23 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ስብርባሪ እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ ድረስ ይከላከላል። ተመሳሳይ ጥልቀት ያለው አሸዋ ግን የሚያገለግለው እስከ 1.2 ሜትር ብቻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባብያን ልጆቻችሁ በአሸዋ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ ይህን ልዩነት ልብ በሉ። ሣርና ተራ አፈር ደግሞ ለስላሳ ቢመስሉም እግርና የአየር ጠባይ ቶሎ ስለሚያደርቃቸው እንደ መከላከያ አይቆጠሩም። በቀዝቃዛው የአውሮፓ ክፍልና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ስብርባሪውም አሸዋውም ሲረጥብና በረዶ ሲይዘው ይደድራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። የተበተነ ነገር ባለበት አይቆይም። ስብርባሪው በአጠቃቀምና በዝናብ ቢያንስ በሩብ ያህል ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ 23 ሴንቲ ሜትር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ 30 ማፍሰስ አለበት። ከዥዋዥዌው ሥርና ከሸርተቴው ጫፍ ደግሞ የልጆች እግር ጠርጎ ወደ ዳር ያወጣዋል። ይኸውም ልጆች አዘውትረው የሚወድቁበት ቦታ ነው። ጥልቀቱ በሚታየው ዳርቻ ላይ ተትረፍርፎ በሚያስፈልግበት ቦታ ባዶ መሬት ይቀራል ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ሬክና አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አስቸጋሪው ያ ሰው ማን ነው የሚለው ነው።

የማኅበረሰቡ ተሳትፎ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ተሳትፎ ሲባል የምናየው፣ አስቀድሞ ከተመረጡ ሦስት የመጫወቻ ሥዕሎች ላይ ወላጆች ባለቀለም ወረቀት እንዲለጥፉ ማድረግ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የቀለም ምርጫ እንጂ ተሳትፎ አይደለም። ታሪክ የተሻሉ ምሳሌዎችን ይሰጠናል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአምስተርዳም ከተማ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ወጣቱ አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1947 በርተልማንፕላይን በተባለ አደባባይ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሠራ፤ የኮንክሪት ጠርዝ ያለው የአሸዋ ገንዳና ጥቂት የብረት መገለባበጫ ዘንጎች ነበሩት። የሌሎች ሰፈሮች ነዋሪዎች ይህን አይተው ለእኛም ይሠራልን እያሉ ለከተማው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹም በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባዶ በቀሩ ቁራሽ መሬቶች ላይ። መሬቱ ለሕንፃ ሲፈለግ አብዛኞቹ ከጊዜ በኋላ ጠፍተዋል።

በአሜሪካ ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ይኖር የነበረው አርክቴክት ሮበርት ሌዘርስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተከተለውን ዘዴ እኛ ደቦ ብንለው ያምርበታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ሐሳባቸውን ይሰበስባል፣ ንድፍ ያወጣል። ከወራት ዝግጅት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰፈሩ ሰዎች መዶሻና መጋዝ ይዘው በጥቂት ቀናት ውስጥ ግንብ የመሰለ የእንጨት መጫወቻ ያቆማሉ። አንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዱ ቦሎን ያጠብቃል፣ ሌላው ለሠራተኛው ምግብ ያቀርባል። እነዚህ የእንጨት ግንቦች በመላ አገሪቱ ተስፋፍተው ነበር፤ ዛሬ እድሳት ከሚጠብቃቸው ያረጁ መጫወቻዎች መካከልም ናቸው።

ምክንያቱ እርጅና ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ከቤት ውጭ የሚያገለግል እንጨት እንዳይበሰብስ በብዛት የሚነከረው ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ ባለበት ውሁድ ውስጥ ነበር። አርሴኒኩ ከእንጨቱ ገጽ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅም ወደ አፍ ሊያልፍ ይችላል። አምራቾች ይህን እንጨት ለመጫወቻና ለመኖሪያ ቤት ማቅረብ ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2003 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የቆመ መጫወቻ ያለበት ሰፈር ማፍረስ ካልቻለ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ቅብ ቢቀባው ንክኪው ይቀንሳል። ልጆችም ከጨዋታ በኋላ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። መጫወቻው ሲፈርስ እንጨቱ ፈጽሞ መቃጠል የለበትም፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ለአትክልት ቦታ ብሎ መከስከስም እንዲሁ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የዋሽንግተን ዲሲው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የበጋ ወቅት ሁለት ሕፃናት በከተማይቱ በተጣለ መኪና ውስጥ ሲጫወቱ በሙቀት ታፍነው ሞቱ፤ በአቅራቢያቸው የሚጫወቱበት ቦታ አልነበረም። ዜናውን ያነበበው ዳረል ሃሞንድ በዚያው ዓመት በደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን ነዋሪዎችን አስተባብሮ መጫወቻ አሠራ፣ በቀጣዩ ዓመትም ካቡም የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የድርጅቱ አሠራር ልጆች የሚመኙትን መጫወቻ በመሳል ይጀምራል፤ ግንባታው በጎ ፈቃደኞች በአንድ ቀን የሚጨርሱት ነው። የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ ስብርባሪውን በሬክ መዘርጋት መሆኑ ለእኔ ትርጉም አለው፤ የዘረጋው ሰው ሲሳሳ ያውቀዋል።

አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ከሬክና ከስብርባሪ ለመገላገል ወለሉን ተፈጭቶ በሙጫ በተያያዘ ላስቲክ ያለብሱታል። ዋጋው በብዙ ይበልጣል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ግን እንደ ልብ ይሄድበታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ከመጋቢት 15 ቀን 2012 ወዲህ የሚሠራም ሆነ የሚታደስ መጫወቻ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የሚያስገባ መሆን አለበት። በእኛ ማኅበረሰብ አካል ጉዳተኛ ልጁን ከሰው ዓይን የሚሸሽግ ቤተሰብ አሁንም ስላለ፣ ይህን በስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚጠይቅ ወላጅ ለብዙዎች በር ይከፍታል። ላስቲኩ የራሱ ጣጣ አለው፤ በፀሐይ የሕፃን እግር የሚያቃጥል ያህል ይግላል። በዲሲ የትምህርት ቤት መጫወቻዎች የላስቲክ ወለል ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገ ምርመራም እርሳስ ተገኝቷል። ጥላ ያለበት ቦታና የምርመራ ሰነድ መጠየቅ ስለዚህ ተገቢ ነው።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ማንም ወላጅ አንድ ሜትር ይዞ ሰፈሩን መፈተሽ ይችላል። ስብርባሪው ከዥዋዥዌው ሥር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በመንጠላጠያው ዙሪያ በየአቅጣጫው 1.8 ሜትር ልል መሬት አለ? በአጥሩና በመወጣጫው መካከል ያሉ ክፍተቶች በ9 እና በ23 ሴንቲ ሜትር መካከል ከሆኑ አደገኛ ናቸው፤ የልጁ ገላ ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል። ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል። የልጁም ኮት ባለገመድ ቆብ ካለው ሸርተቴ ላይ ከመውጣቱ በፊት ገመዱ ይውጣ።

ልጆቹንም መጠየቅ ነው። ምናልባት የሚመኙት ውድ ነገር ላይሆን ይችላል። ሰኞ ማክሰኞ የሚዘለልበት ለስላሳ ንጣፍ፣ ብይ የሚጫወቱበት ጥግ፣ ድብብቆሽ የሚያመች ቁጥቋጦ ከአንድ የፕላስቲክ ግንብ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እናቶቻቸው በልጅነታቸው የተጫወቱትን ልጆቹ ለሰፈሩ ቢያስተዋውቁ ንድፉ ይበለጽጋል እንጂ አይጎድልበትም።

በዲሲ ነዋሪ ለሆናችሁ አንድ መረጃ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማይቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች የነፃ ትርጉም አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል። ጥያቄው ከስብሰባው ቀደም ብሎ ቢቀርብ ይሻላል። እዚያም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ሸርተቴው ቀለም አይደለም፦ በሦስተኛው ዓመት ስብርባሪው ሲያልቅ የሚሞላበት ገንዘብ በበጀቱ የትኛው መስመር ላይ ተጽፏል? እስከዚያስ ሬኩ የሚቀመጠው በማን ቤት ነው?