በዘር የሚተላለፍ የውሾች ግላኮማ

በዓይን ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ በዚያው መጠንም ይወጣል። መውጫው በሚገባ ካልሠራ ፈሳሹ ይጠራቀምና የዓይን ግፊት ይጨምራል። በጤነኛ ውሻ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ በላይ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእይታ ነርቭን ይጎዳል፤ ይህ በሽታ ግላኮማ ይባላል።

ቢግል በተባለው የውሻ ዝርያ ላይ የሚታየው አንዱ የግላኮማ ዓይነት በዘር ይተላለፋል። ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት መንስኤው አዳምትስ10 በተባለው ጂን ላይ የሚገኝ ለውጥ መሆኑን አመልክተዋል። ባሕርዩ ድብቅ ስለሆነ ቡችላው የሚታመመው የተለወጠውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። የተለወጠውን ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ሁለት ጤነኛ ተሸካሚዎች ቢዳቀሉ የእያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድል 25 በመቶ ነው።

ይህ ዓይነቱ ግላኮማ ቀስ በቀስ ስለሚብስ በመጀመሪያ ላይታወቅ ይችላል። የዓይን መቅላት፣ መደፍረስ ወይም ማበጥ፣ እንዲሁም የብሌን መስፋት ሲታይ ውሻውን ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። ስለዚህ አርቢዎች ውሾቻቸውን ከማዳቀላቸው በፊት የጂን ምርመራ ሊያስደርጉላቸው ይገባል።