የጣና ደንገል ውቅያኖስ ሲሻገር

ቁርኣን መውረድ የጀመረው በረመዳን ነው፤ የመጀመሪያው ትእዛዝም ማንበብ ነበር። ስለዚህ ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ ኢፍጣር ባለችው ሰዓት ከወረታ ልጆች ጋር ስለ ዕውቀት እንጨዋወታለን። ለዛሬ የመረጥነው ሰው ሩቅ አገር የተወለደ ነው፤ ዝናው ግን ከደጃችን ደንገል ጋር የተያያዘ ነው።

ቶር ሄየርዳል በ1907 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ሊሰጥም ደርሶ ስለነበር ውኃ ይፈራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ስለ እንስሳትና ስለ መልክዓ ምድር ነው፤ የጥንቱን የባሕር ጉዞ ታሪክ ያወቀው ራሱን በራሱ አስተምሮ ነው። ሊቃውንት አይሆንም ሲሉት ግንዶች አስሮ ባሕር ገባ። በ1939 ዓ.ም. ኮን-ቲኪ ብሎ በሰየማት በዚያች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን የፓሲፊክ ደሴቶች ዘንድ ደረሰ።

ቀጥሎ የጥንት ግብፆች የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ይችል እንደሆነ ሊፈትን ተነሣ። ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሙያተኞች በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ አስረው «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሣች። ከሰባቱ ተጓዦች አንዱ የቻዱ አብዱላህ ጅብሪን ነበር። ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ኋላዋ ረግቦ ውኃ ዋጠው፤ ጥለዋት ወጡ።

ምክንያቱ አንዲት ገመድ ናት። በጥንቱ ሥዕል የጀልባዋ ጅራት ከወለሏ ጋር በገመድ ተወጥሮ ይታያል። እነርሱ ገመዷ ቅርጽ ለማስያዝ ብቻ መስላቸው ትተዋት ነበር። በዓመቱ የቦሊቪያ ሙያተኞች ከኢትዮጵያ ደንገል «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ እርሷም በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

የሄየርዳል ግምት ሁሉ ልክ ነበር አንልም። የፓሲፊክ ደሴቶች ሕዝብ በዋናነት ከእስያ እንደመጣ ዛሬ ታውቋል። እኛ የምንወስደው አደቡን ነው፤ ያላወቀውን፣ ሙያውን በእጁ ከያዘው ሰው ጠየቀ።

እኛስ? በጣና ዳር ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ወንድሞቻችን ከእኛው ጋር ወደ አንድ ቂብላ ይሰግዳሉ። ከሶፍ ስንወጣ ግን ስንቶቻችን በንቀት አይተናቸዋል? ስንቶቻችንስ ማዕዳቸውን ሸሽተናል? ከዚህ ነውር ራሳችንን አናወጣም። ደንገሉም ቢሆን በእርሻ መስፋፋትና በእምቦጭ ከዳርቻው እየተገፋ ነው። ደንገሉ ሲርቅ ሙያውም ከአረጋውያኑ ጋር ይቀበራል። የተናቀች ገመድ ጀልባ እንዳሰመጠች አይተናል፤ የተናቀ ሰው ይዞት የሚሄደው ዕውቀት ደግሞ ከገመድ ይበልጣል።

ስለዚህ ረመዳን ሳይወጣ አንድ ታንኳ ሠሪ አባት በኢፍጣራችን ላይ እንጋብዝ። በአንድ ትሪ እንብላ። ከተራዊሕ በኋላም አንድ ልጅ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ደንገሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር ይጠይቅ፣ ይጻፍም። ማንበብ የታዘዝን ሕዝብ፣ የሚነበበውን መጻፍም ከእኛ ይጠበቃል።