ያውቁ ኖሯል? ሲሊንደር የሌለው በያጅም በጋዝ ነው የሚሠራው

በጎንደር ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ የብረታ ብረት ቤቶች ደጃፍ ላይ የቱቦላሬ በር ሲበየድ ቢያዩ በአካባቢው አንድም ሲሊንደር ላይኖር ይችላል። ጋዝ ግን አለ። የኤሌክትሮዱ ልባስ ሲቃጠል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይኸው ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልላል። ባይከልለው ኖሮ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ገብተው ብየዳውን ወንፊት ያደርጉት ነበር።

ልባሱ ታዲያ ክረምትን አይወድም። ፓኬቱ ተከፍቶ የከረመ ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በእሳቱ ሙቀት ተበትኖ ሃይድሮጅን ይሆንና ወደ ብረቱ ይሰርጋል። በተለይ ወፍራምና ጠንካራ ብረት ላይ ስንጥቁ የሚወጣው በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ከፍሎ ከሄደ በኋላ ማለት ነው።

በወለቃ በወናፍና በከሰል ብረት ይቀጠቅጡ የነበሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞችም ከጋዝ ጋር ነበሩ። አየር ያነሰው የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የጋለውን ብረት ከኦክስጅን ይጠብቃል። አንጥረኛውን ግን አይምርም፤ መርዝ ነው።

ብረት በ1,538 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። የኦክስጅንና አሴቲሊን ነበልባል ከ3,000 ያልፋል፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

የአሴቲሊን ሲሊንደር ውስጡ ባዶ አይደለም። አሴቲሊን ለብቻው ሲታመቅ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ሲሊንደሩ ቀዳዳ በበዛበት ጠጣር ነገር ተሞልቶ አሴቶን ይጠጣል፤ ጋዙ እዚያ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። በባጃጅ አስተኝተው ያመጡትን ሲሊንደር ወዲያው አይክፈቱ። አቁመው ለሰዓታት ያሳርፉት፤ አለዚያ አሴቶኑ አብሮ ይወጣል። የኦክስጅኑን መክፈቻ ደግሞ ግሪስ በነካ እጅ አይንኩ፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

አልሙኒየም የሚበየድበት አርገን ከሚተነፍሱት አየር 1 በመቶ ገደማ ነው። ራስ ዳሽን አናት ላይ አየሩ ይሳሳል እንጂ ይህ ድርሻ አይለወጥም። ለብረት ብየዳ የሚያገለግለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የዳሽን ቢራን አረፋ የሚያስነሳው ራሱ ነው።

ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተንናል። ጭሱን የማገ በያጅ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ከመተማ የተመለሰ ሰው ቢሆን ወባ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ብዙዎች መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ። አይደለም። ዚንኩን አስቀድመው ይፋቁ፣ ደጅ ወጥተው ይበይዱ፤ ወተቱን ስለሚጣፍጥ ይጠጡት።