ገነተ ልዑልን እንዴት እንጎብኝ?

በባዕድ አገር የሚማር ወጣት ከትምህርቱ ፈተና ሌላ ዘወትር የሚቀርብለት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «አገርህ ምን ይመስላል?» የሚል ነው። እኛም በአል-ሒስዋ የምንኖር ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ከኤደን ጓደኞቻችን እንሰማለን። እነርሱ ክሬተር ውስጥ ስላለው፣ ቀድሞ የላሕጅ ሡልጣን ቤተ መንግሥት ስለነበረውና በኋላ ሙዚየም ስለሆነው ሕንፃ ሲያስረዱን፣ እኛ በበኩላችን ስለ ገነተ ልዑል ማስረዳት አይገባንምን? ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱ ወገኖቻችን የሚከተለውን መግለጫ አቅርበናል።

ገነተ ልዑል የሚገኘው በስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የነበረው ይህ ቤት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ይዟል።

ጉብኝቱን ከአትክልቱ ቦታ መጀመር ይበጃል፤ ከታሪኩ ከባዱ ክፍል የተፈጸመው በደጅ ነውና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ወረደ። የሰማዕታቱ ሐውልት ከግቢው ውጭ ባለው አደባባይ ቆሟል። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ይታያል። ይህን የሠሩት ፋሺስቶች ሲሆኑ፣ እርከኖቹ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፉትን ዓመታት ይቆጥራሉ። ከድል በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት እንጂ።

ቤቱም የራሱን ደም አይቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ የታገቱት ሹማምንት በአረንጓዴው ሳሎን ተተኮሰባቸው። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሞቱት መካከል ናቸው። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተበት። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው።

የታችኛው ክፍል ትርኢት የተደራጀው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው። ከልደትና ከልጅነት ጨዋታ ይጀምርና በጎልማሳነት፣ በእምነት፣ በእደ ጥበብና በባህል ሕክምና አልፎ በሞትና በመቃብር ያበቃል። ይህ አቀማመጥ በተለይ ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ትልቅ ትምህርት አለው። እኛ የሰውን አካል ልብ፣ ሳንባ፣ ነርቭ እያልን ከፋፍለን እናጠናለን። በሽተኛው ግን ወደ ሐኪም የሚመጣው ስለ ልደት፣ ስለ ሕመምና ስለ ሞት ከወገኑ የተማረውን ሁሉ ይዞ ነው። ይህን ያልተረዳ ሐኪም መድኃኒቱን ያዝዝ ይሆናል፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ለምን እንደማይውጠው ግን አያውቅም።

ከላይ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች፣ እንዲሁም የሥዕል አዳራሹ ይገኛሉ። ሥዕሎቹን ሲመለከቱ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይጠቅማል። አንደኛ፣ በቀድሞው ልማድ ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሁለተኛ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ትንሽ ሰው ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ነው። ሦስተኛ፣ እጆቿን አጣምራ ልጇን የያዘችው የእመቤታችን ሥዕል ምንጩ ሮም፣ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው። በ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ በኢየሱሳውያን አማካይነት ወደ አገራችን ቢገባም፣ ሠዓሊዎቻችን በራሳቸው ቀለምና መልክ ስለሣሉት ዛሬ ማንም የባዕድ አይለውም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ለጉብኝቱ ግማሽ ቀን ይመድቡ፤ የመክፈቻውን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማስታወሻ ደብተርም አይርሱ። የሐረር ልጆች ደግሞ በኤደን በንግድ ሥራ ላይ በነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በራምቦ ስም ስለሚጠራው የከተማቸው ሙዚየም ቢጽፉልን፣ በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣዋለን።