ስለ አሮጌ ሞተር ጀልባ ጥገና ቃላት

በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። ጠያቂያችን በአነስተኛ ዋጋ የገዙትን፣ ርዝመቱ 36 ጫማ የሆነ አሮጌ የእንጨት ሞተር ጀልባ ከአባታቸው ጋር ሆነው ይጠግናሉ። አባትየው በወጣትነታቸው በምጽዋ በባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ያገለገሉ ናቸው። ልጅየው የጥገናውን መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡላቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ይህ ትርጉም ሁለት ጊዜ ጉዳት ካደረሰ በኋላ በመሆኑ፣ ጉዳዩን ለመላው አንባቢ ማብራራት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጀልባው ግራንድ ባንክስ ከሚባሉት አንዱ ነው። እነዚህን ጀልባዎች አሜሪካን ማሪን የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ ከእንጨት ይሠራቸው ነበር፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ ፋይበርግላስ ተሸጋገረ። የእንጨቶቹ ዋጋ ዝቅተኛ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ገዢው ከጀልባው ጋር ሥራውንም ይገዛል። ሞተሩ ፎርድ ሌማን ነው፤ ይኸውም ስድስት ሲሊንደር ያለው የፎርድ የናፍጣ ሞተር ለባሕር ሥራ ተስተካክሎ 120 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ የተደረገ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው በዚሁ ሞተር ማቀዝቀዣ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ ንጹሕ ሲሆን፣ ከባሕሩ የሚሳበው ጨዋማ ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ የንጹሑን ሙቀት ተቀብሎ ከጢሱ ጋር ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱ ውሃዎች ሳይቀላቀሉ ሙቀት የሚቀባበሉበትን ዕቃ ጠያቂያችን «የሙቀት መለዋወጫ» ብለው ተረጎሙት። እንደ ሰዋስው ከሆነ ቃሉ ነቀፌታ የለበትም። ነገር ግን በጋራዥ ቋንቋ መለዋወጫ ማለት በተበላሸው ዕቃ ፈንታ የሚገባ ትርፍ ዕቃ ነው። ልጅየው «መለዋወጫው ሳይደፈን አልቀረም፣ ይታይ» ሲሉ አባትየው የትርፍ ዕቃውን ሣጥን ይፈትሹ ጀመር፤ በዚህ መካከል ሞተሩ ከልክ በላይ ጋለ፤ የሲሊንደሩ ራስ ጓርኒሲዮንም ተቃጠለ። ስለዚህ «ሙቀት አቀባባይ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። አቀባባይ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ስለሆነ የዕቃውን ሥራ በትክክል ይገልጻል።

ሁለተኛው ጉዳት የበለጠ ያስተምራል። ከነሐስ የተሠራው የጀልባው መዘውርና ዘንጉ በጨው ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ በልዩ ልዩ ማዕድናት መካከል የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ ደካማው ማዕድንም ለጠንካራው ሲል እየሟሟ ያልቃል። መዘውሩ እንዳይበላ በአጠገቡ አንድ ቁራጭ ዚንክ ይታሰራል፤ በመዘውሩ ፈንታ እርሱ ይበላል። ጠያቂያችን ይህን ቁራጭ «መከላከያ» ብለው ስለ ተረጎሙት፣ አባትየው መከላከያው ራሱ እንዳይጎዳ በማሰብ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀቡት። ቀለም የተቀባ ዚንክ ከውሃው ጋር ስለማይገናኝ አንዳች አይሠራም። በጥቂት ብር የሚገዛው ቁራጭ እንደ አዲስ ሲያበራ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው መዘውር ግን ተቦረቦረ።

ቃሉ መጥፋትን በውስጡ መያዝ አለበት። ከባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ «መሥዋዕት» ይሻላል ብለዋል። እኛ ግን «ቤዛ» የሚለውን እንመርጣለን። መሥዋዕት የሚቀርብለትን ሲያሳስብ፣ ቤዛ በማን ፈንታ እንደሚጠፋ ይናገራልና። ቃሉ የሃይማኖት ክብር ስላለው ወደ ሞተር ክፍል መውረድ የለበትም የሚል ተቃውሞ ቀርቦልናል፤ ሆኖም ቤዛን ቀለም የሚቀባ ሰው ይኖራል ብለን አናስብም። «ቤዛ ዚንክ» ማለት ግን አይበቃም፤ በጣና ሐይቅ ላይ እንዳሉት በጣፋጭ ውሃ ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎች ዚንክ በደንብ ስለማያገለግል ማግኒዥየም ይመረጣል። ስለዚህ «ቤዛ ማዕድን» ብለናል። ግማሽ ያህሉ ሲያልቅ መለወጥ ይገባል።

ስለ እንጨቱ አዲስ ቃል መፍጠር እምብዛም አያስፈልግም። የጀልባውን ገላ ቀፎ፣ ጣውላውን ሳንቃ፣ በሳንቃዎቹ መካከል ጥጥ መጠቅጠቁን ውተፋ ብንል ማንም አናጢ ይረዳናል። ጥንቃቄ የሚያሻው በማፍሰስና በመስረግ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጣራ ያፈሳል፤ ከታች የሚገባ ውሃ ግን ይሰርጋል። ጠያቂያችን ሁለቱንም «ማፍሰስ» ስላሉ የትኛው እንደሚቀድም ለመወሰን ተቸግረዋል። ከታች የሚሰርገው የባሕር ውሃ ጀልባ ሊያሰጥም ስለሚችል በፓምፕ መጠበቅ አለበት፤ ጨው ግን እንጨትን ከመበስበስ ይከላከላል። ሳንቃውንና የቤቱን ማእዘን የሚያበሰብሰው ከላይ የሚያፈሰው የዝናብ ውሃ ነው። ገንዘብ ያነሰው ባለጀልባ የመስኮቱንና የመርገጫውን ስንጥቅ ከቀለም በፊት መድፈን አለበት። የበሰበሰውን ለመለየት የሚያገለግለው መሣሪያ በየቤታችን የሚገኘው ወስፌ ነው፤ ያለ ኃይል ከገባ እንጨቱ ሞቷል።

በፋይበርግላስ ቀፎ ላይ የሚወጣውን እብጠት በተመለከተ አማርኛ «ውሃ ቋጠረ» ይላልና ሌላ አንፈልግም። እግር ውሃ ቢቋጥር ሰው እንደማይሞት ሁሉ፣ እንዲህ ያለው እብጠትም አብዛኛውን ጊዜ ለመልክ እንጂ ለጀልባው ሕይወት አያሰጋም፤ ለእርሱ ብሎ መበደር አያስፈልግም።

ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ የመሳሰሉት ከጣልያንኛ የገቡ ቃላት እንዳሉ ይቆዩ። አባትየው ያውቋቸዋል፤ መካኒኩም ያውቃቸዋል። በዚህ ረገድ ለማጥራት የሚደረገው ጥድፊያ ጥቅሙ አይታየንም። ይልቁንስ ጠያቂያችን በመመሪያው ውስጥ «ሰዓት» የሚለውን ሲያነቡ ይጠንቀቁ፤ የሞተር ዕድሜ የሚቆጠረው ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው። የዚህ ሞተር የናፍጣ መርጫ ፓምፕ ለራሱ የተለየ ዘይት ስላለው በየ50 የሥራ ሰዓቱ መለወጥ ይኖርበታል። ይህ ዘይት ጥቂት ነው፤ ፓምፑ ግን ውድ ነው።

ከቀፎው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚዘረጋው ወፍራም እንጨት ቃል አልወሰንንም። «አከርካሪ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ይሁንና አከርካሪ ከላይ የሚሸከም እንጂ ከታች የሚሸከም ስላልሆነ አልተስማማንም። በምጽዋ መርከበኞች ዘንድ ምን ይባል እንደ ነበር አባትየው ቢጽፉልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።