ድርብ ሆኖ የሚታይ ሳንቲም ሁሉ ውድ ነው?

አሜሪካ ውስጥ በመደብር ወይም በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ የሚቀበል ሠራተኛ፣ አንድ ቀን ፊደላቱ ሁለት ሁለት ሆነው የሚታዩበት ፔኒ እጁ ሊገባ ይችላል። ተመሳሳይ ሳንቲም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንዳወጣ በኢንተርኔት ያነብባል። በእጁ ያለው ግን ከአንድ ሳንቲም የማያልፍ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ስሕተቱ የተፈጠረው የት ነው?

ሳንቲም የሚመታው ምስሉ ወደ ውስጥ በተቀረጸበት የብረት ማኅተም ነው። ማኅተሙ ራሱ የሚዘጋጀው ደግሞ ምስሉ ጎልቶ የወጣበት ሌላ የብረት ቅርጽ በኃይል ተጭኖበት ነው። በቀድሞው አሠራር ምስሉ በአንድ ጊዜ ጫና ተሟልቶ ስለማይወጣ፣ ማኅተሙ በእሳት እንዲለሰልስ ከተደረገ በኋላ እንደገና ይጫን ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ቅርጹና ማኅተሙ በትክክል ካልገጠሙ፣ አዲሱ ምስል ከፊተኛው ትንሽ ዘወር ብሎ ይቀረጻል። «ድርብ ማኅተም» የሚባለው ይህ ነው። በዚያ ማኅተም የተመታ ሳንቲም ሁሉ አንድ ዓይነት ድርብ ምስል ይይዛል።

እጅግ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1955 በፊላደልፊያ የተመታው የሊንከን ፔኒ ነው። ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፎቹ ድርብ መሆናቸው ያለ አጉሊ መነጽር ይታያል። ስሕተቱ ሲታወቅ ሳንቲሞቹ ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው ስለነበር፣ ከ20 ሺህ እስከ 24 ሺህ የሚገመቱት ወደ ገበያ ወጡ። በርካቶቹ የተገኙት 23 ሳንቲም ከሚሸጥ የሲጋራ ፓኬት ጋር በመልስነት ታሽገው ነው። ዛሬ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺህ ዶላር ይበልጣል።

«የማሽን ድርብርብ» የሚባለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ማኅተሙ እንከን የለበትም፤ የላላው ማሽኑ ላይ የታሰረበት ቦታ ነው። ሳንቲሙ በተመታበት ቅጽበት ማኅተሙ ሸርተት ይልና ገና የወጣውን ፊደል ጠርዝ ይደፈጥጠዋል። ይህ በብዙ ሳንቲሞች ላይ የሚያጋጥም በመሆኑ ተጨማሪ ዋጋ አያስገኝም።

እንዴት ይለያሉ?

በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ በእውነተኛው ድርብ ማኅተም ሁለቱም ምስሎች ሙሉና ድቡልቡል ናቸው። ፊደሉ ከወትሮው ይወፍራል፤ ሁለቱ ምስሎች በሚደራረቡበት ማዕዘን ላይም ስንጥቅ መሰል ክፍተት ይታያል። በማሽን ድርብርብ ግን ሁለተኛው «ምስል» ከፊደሉ ጎን እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ነው። የተደፈጠጠው ብረት ከፊደሉ ከራሱ የተወሰደ ስለሆነ፣ ዋናው ፊደል ይቀጥናል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ የተመታው ፔኒ ሌላ መለያ ይሰጣል። በዚያ ዘመን የከተማው መለያ የሆነው «ኤስ» ፊደል በማኅተሙ ላይ በእጅ የሚመታው ዋናው ምስል ከተቀረጸ በኋላ ነበር። ስለዚህ በእውነተኛው ድርብ ማኅተም ዓመተ ምሕረቱ ድርብ ሲሆን «ኤስ» ነጠላ ነው። «ኤስ»ም አብሮ ከተደረበ ምክንያቱ በአብዛኛው የማሽኑ መንሸራተት ነው። ሆኖም ይህ መለያ ከ1990 ወዲህ ለተመቱ ፔኒዎች አያገለግልም፤ የከተማው ምልክት የዋናው ቅርጽ አካል ሆኗልና።

ማኅተም ብዙ ሠርቶ ሲያረጅም ድርብ የሚመስል ብዥታ ያመጣል። የ1955 ዓመተ ምሕረት የመጨረሻዋ 5 ብቻ የተደረበችባቸው ፔኒዎች ከዚህ ወገን ናቸው፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ማኅተም በአንድ ጫና ስለሚቀረጽ፣ በአዳዲስ ሳንቲሞች ላይ የሚገኘው እውነተኛ ድርብነት አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅንና ወደ መሐል የተጠጋ ነው።

ከመሸጥና ከመግዛት በፊት

አንድ ድርብ ማኅተም በሁሉም ሳንቲሞቹ ላይ ያንኑ ምልክት ስለሚተው፣ የታወቁት ዓይነቶች በፎቶግራፍ ተመዝግበዋል። የተገኘው ሳንቲም ከተመዘገበው ጋር በዝርዝር ካልተመሳሰለ ተስፋው የመነመነ ነው። የ1955ቱ ፔኒ ሐሰተኛ ቅጂዎች ስላሉት ደግሞ፣ መመሳሰሉ ብቻውን ለገዢ ዋስትና አይሆንም። እንደ ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ ያሉ ተቋማት ሳንቲም መርምረው ያረጋግጣሉ፤ አገልግሎቱ ክፍያ ስላለው ግን አስቀድሞ በአጉሊ መነጽር ማጣራቱ ከከንቱ ወጪ ያድናል። እስከዚያው ሳንቲሙን ማጠብም ሆነ መወልወል አይገባም፤ የጸዳ ሳንቲም እውነተኛ ቢሆን እንኳ ዋጋው ይቀንሳል።