ሽፋኑ ያቆየው ቀለም

እ.ኤ.አ. በ2024 ፒያሳ የነበሩ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በየአገሩ የተበተንን ጓደኛሞች በስልክ ስንከራከር ሰነበትን። እኔ «ታሪካዊ ቤት ከነውስጡ ሳይነካ ይቆይ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ይህን አቋሜን ያናጋው በፈረንሳይ ስትራዝቡርግ ከተማ ያየሁት አንድ አዳራሽ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክሌቤር አደባባይ ዳር ኦቤት የሚባል ረጅም የድንጋይ ሕንጻ አለ። አርክቴክቱ ብሎንዴል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለጦር ሠራዊት የነደፈው ነው። በ1870 የፕሩሲያ መድፍ ውስጡን ሲያቃጥለው የፊት ገጹ ተረፈ።

በ1920ዎቹ የሕንጻውን አንድ ክንፍ የተከራዩት ወንድማማቾች፣ ፖልና አንድሬ ሆርን፣ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሲኒማና ጭፈራ ቤት ሊያደርጉት አሰቡ። ሥራውን ለስዊዘርላንዳዊቷ ሠዓሊ ለሶፊ ቶይበር-አርፕ ሰጡ። እሷም ባሏን ሃንስ አርፕንና ሆላንዳዊውን ቴዎ ቫን ዱስቡርግን አስገባች። ሦስቱም ከዘመናቸው የቀደሙ ነበሩ። ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ የሚታይ ሳይሆን፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚቀመጥበት እንዲሆን ፈለጉ።

ቫን ዱስቡርግ የሲኒማና የጭፈራ አዳራሹን ግድግዳና ጣሪያ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በጥቁርና በነጭ አራት ማዕዘኖች ሞላው፤ ሁሉንም በ45 ዲግሪ አጋደማቸው። ምክንያት ነበረው። የክፍሉ መስመሮች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ሰያፉ ቀለም ይጋጫቸዋል፤ በዚህም የቆመው ግድግዳ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ለጭፈራ ቤት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ቤቱ በየካቲት 1928 ተከፈተ፤ ደንበኛው ግን አልወደደውም። በ1938 ሁሉም ተሸፈነ። እንግዲህ መድፍ የፊት ገጹን ሲያተርፍ፣ ውስጡን የደበቀው የገበያተኛ ምርጫ ነው ማለት ነው።

ደግነቱ ከሽፋኑ ሥር የቀለሙ ርዝራዥ ቆይቶ ነበር። ባለሙያዎች ያንን ከአሮጌ ፎቶግራፎችና ንድፎች ጋር እያመሳከሩ ከ1985 እስከ 1994 የጭፈራ አዳራሹን፣ በ2006 ደግሞ የቀሩትን የፎቁን ክፍሎች መለሱ። ዛሬ ቦታው ለጎብኚ ክፍት ነው።

እዚያ ቆሜ ራሴን ታዘብኩ። በ1926 ብኖር ኖሮ ሠዓሊዎቹን ከሚቃወሙት አንዱ እሆን ነበር፤ ዛሬ ግን ያ «ድፍረት» ራሱ ቅርስ ሆኗል። ስለዚህ አሁን የምከራከረው በሌላ ነገር ነው። ውስጡ ይታደስ፣ አዲስ እጅም ይግባበት። የማንወደውን ግን እንሸፍነው እንጂ አናፍርሰው። የተሸፈነ ነገር የሚወደው ትውልድ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የፈረሰ ግን ማንንም አይጠብቅም።